ጠባቂውን መጠበቅ፤ በሀራሙስ ሠፈር ስለሚተከሉት የጥበቃ ካሜራዎች

ከጅቡቲ ከተማ ሠፈሮች መካከል ሀራሙስ የሚባለው በሰፋፊ ግቢዎቹና በረዣዥም የአጥር ግንቦቹ የታወቀ ነው። የውጭ አገር መልእክተኞችና ባለጸጎች ከሚኖሩባቸው የከተማይቱ ክፍሎች አንዱ ሲሆን፥ የአሜሪካ ኤምባሲም የሚገኘው በዚሁ ሠፈር ነው። ቀድሞ የአንድ ግቢ ጥበቃ የሚመዘነው በበሩ በሚቀመጠው ዘበኛ፥ በግንቡ ቁመትና በውሻው ጩኸት ነበር። ዛሬ ግን በግንቡ ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ ዕቃ ተጨምሯል፤ ይኸውም ቀንም ሌሊትም የማይተኛው የጥበቃ ካሜራ ነው።

በዚሁ ሠፈር ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በባሕር ወለል ላይ ተዘርግተው አህጉርን ከአህጉር የሚያገናኙት ገመዶች ወደ የብስ ከሚወጡባቸው የጅቡቲ ጣቢያዎች አንዱ በሀራሙስ ይገኛል። ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ የአፍሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ በመከተል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚደርሰውና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው «ኢሲ» የተባለው ገመድ በጅቡቲ ያርፋል። ኢትዮጵያም ከዓለም ጋራ ከምትገናኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ በጅቡቲ በኩል የሚያልፈው ነው።

እንግዲህ በአንድ ሠፈር ውስጥ ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን ቆመዋል። አንደኛው ቤትን ከባዕድ ዐይን የሚከልለው ግንብ ነው፤ ሁለተኛው ዓለምን ሁሉ እስከ ቤት ድረስ የሚያስገባው ገመድ ነው። ካሜራው በግንቡ ላይ ተተክሎ ከገመዱ ጋራ በተቀጠለ ጊዜ ቤቱን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነውን? ወይስ ባለቤቱ የማያውቀው ሌላ ሰው አብሮ ያያል? ቤቱን ለማስጠበቅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።

ካሜራው ምንድን ነው?

ለብዙ ዘመን በባንኮችና በመደብሮች የተተከሉት የጥበቃ ካሜራዎች «ዝግ ዙር» የሚል ስም ነበራቸው። ይህም ስም የተሰጣቸው ሥዕሉ ከካሜራው ተነሥቶ በራሱ ገመድ ወደ አንድ መመልከቻ ብቻ ስለሚሄድ ነው። ሌላ ሰው ሥዕሉን ለማየት ቢፈልግ ወደ ሕንጻው ገብቶ ገመዱን መቍረጥና መቀጠል ነበረበት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1996 አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በኮምፒዩተር መረብ ላይ በቀጥታ የሚቀጠል ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዙሩ ዝግ መሆኑ ቀረ።

በዛሬው ጊዜ በገበያ የሚሸጠው ካሜራ መስተዋት ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የራሱ አድራሻ፥ የራሱ ፕሮግራምና የራሱ የይለፍ ቃል አለው። ብዙዎቹ ካሜራዎች ገና ከሣጥናቸው ወጥተው ከቤቱ ኢንተርኔት ጋራ እንደ ተቀጠሉ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ወደ ሠሪው ኩባንያ ማዕከል ይደውላሉ። ባለቤቱ በስልኩ ሥዕሉን ለማየት የሚችለውም በዚሁ መንገድ ነው። ነገሩ ምቹ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መንገዱ የሚያገለግለው ባለቤቱን ብቻ ስላልሆነ፥ በር ተብሎ መቈጠር አለበት። በር የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ቍልፍና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

በአዲስ አበባ የሆነው

ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ምሳሌ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በቻይና መንግሥት ስጦታ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ባወጣው ዜና፥ በሕንጻው ከነበሩት ኮምፒዩተሮች በየሌሊቱ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ብዙ ሰነድ ወደ ሻንግሃይ ሲተላለፍ እንደ ነበረ፥ ይህም ከ2012 እስከ 2017 ድረስ እንደ ቀጠለ ገለጸ። ነገሩ ታወቀ የተባለው ማንም ሰው ሥራ በማይሠራበት ሰዓት መረቡ ከመጠን በላይ ተጨናንቆ በመገኘቱ ነው። የቻይና መንግሥት ክሱን አስተባበለ፤ የኅብረቱም ሹማምንት ዜናውን አልተቀበሉትም።

ይህ ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሮይተርስ የዜና ማሰራጫ ስለ ራሳቸው ስለ ጥበቃ ካሜራዎቹ ሌላ ዜና አወጣ። በዚህም ዜና እንደ ተነገረው፥ ከጃፓን የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያዎች በደረሰ ጥቆማ የኅብረቱ ባለሙያዎች ምርመራ ባደረጉ ጊዜ፥ ከቻይና ጋራ ግንኙነት እንዳላቸው የተጠረጠሩ ሰርጎ ገቦች የካሜራዎቹን ሥዕል ወደ ውጭ ሲያስተላልፉ ተገኙ። ካሜራዎቹ ቢሮዎችን፥ የመኪና ማቆሚያዎችን፥ መተላለፊያዎችንና የስብሰባ አዳራሾችን ይመለከቱ ነበር። በዚህ ጊዜ ማስተላለፉ የተደረገው በሥራ ሰዓት ነበርና፥ የሚሰረቀው ሥዕል ከዕለት ተዕለቱ የቢሮ ሥራ ጋራ ተቀላቅሎ በቀላሉ ሊለይ አልተቻለም። ቻይና ይህንንም አስተባብላለች።

በሁለቱ ዜናዎች ላይ የሚደረገው ክርክር ለመንግሥታት የሚተው ነው። ለቤት ባለቤትና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ለጥበቃ ተብለው የተተከሉ ዐይኖች ከውጭው ዓለም ጋራ የተገናኙበት መንገድ ካልተዘጋ፥ ለሌላ ጌታ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይህም በሚሆንበት ጊዜ ካሜራው አይሰበርም፥ ሥዕሉም አይጠፋም፤ ባለቤቱ እንደ ወትሮው እያየ ሌላውም አብሮት ያያል።

ሌሎች ምሳሌዎች

ምናልባት አንድ ነጋዴ «እኔ የመንግሥት ምሥጢር የለኝም፤ ማን ይመለከተኛል?» ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነው ነገር ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሚራይ የተባለ ጐጂ ፕሮግራም በዓለም ላይ የተበተኑትን ካሜራዎችና የካሜራ መቅጃዎች እየዞረ፥ ከፋብሪካ ይዘዋቸው የወጡትን 60 ያህል የታወቁ የይለፍ ቃሎች ይሞክር ነበር። ባለቤቶቹ ቃሉን ስላልለወጡ እጅግ ብዙ ካሜራዎች ተማረኩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 2016 እነዚህ የተማረኩ መሣሪያዎች በአንድነት ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ዘመቱ፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። ፕሮግራሙን የሠሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ሲሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ጥፋተኞች መሆናቸውን አምነዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው ለዘመቻ መሰለፉን አብዛኞቹ ከቶ አላወቁም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዩክሬን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2 ቀን 2024 ኪየቭ በሚሳይል በተደበደበች ጊዜ፥ የዩክሬን የጸጥታ መሥሪያ ቤት በመኖሪያ ቤቶች ላይ የተተከሉ ሁለት ካሜራዎች በሩሲያ ሰላዮች እጅ እንደ ገቡ አስታወቀ። አንደኛው በአንድ መኖሪያ ሕንጻ ሰገነት ላይ የነበረ ሲሆን፥ ሰርጎ ገቦቹ አቅጣጫውን አዙረው የከተማይቱን የአየር መከላከያ ሥራ እንዲያሳይ አድርገውታል ተባለ። ካሜራው የተተከለው ግን አካባቢውን ከሌባ ለመጠበቅ ነበር።

ይህን ምሳሌ ወደ ሀራሙስ አምጥቶ መመልከት አስቸጋሪ አይደለም። ጅቡቲ የአሜሪካ፥ የፈረንሳይ፥ የጃፓንና የቻይና ወታደሮች በአንድ ትንሽ አገር ውስጥ የሰፈሩባት ስፍራ ናት። በኤምባሲ አጠገብ የሚኖር ሰው የሚተክለው ካሜራ የራሱን በር ብቻ ሳይሆን የጐረቤቱን በር፥ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና ሁሉ ያያል። ስለዚህ የአንዱ ቸልተኛነት በጐረቤቱ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ለነጋዴም ቢሆን ጭነቱን ለመቀበል ወደ ወደብ የሚሄድበት ቀን፥ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓትና ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣበት ሳምንት ለሌባ እጅግ የተፈለገ ዜና ነው።

መረቡን ስለ መለየት

መድኃኒቱ ካሜራን መተው ሳይሆን ካሜራውን በተለየ መረብ ማኖር ነው። የወደብ ሰዎች ነገሩን ከጉምሩክ መጋዘን ጋራ ቢያስተያዩት ቶሎ ይገባቸዋል። በጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ከተማ ውስጥ ቢሆንም ከተማ እንደ ገባ አይቈጠርም፤ በሩ አንድ ነው፥ በሩም ላይ መርማሪ አለ፥ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ነገር የለም። የካሜራዎች መረብም እንዲሁ በቤቱ ውስጥ ሆኖ ከቤቱ ኢንተርኔት የተለየ ሊሆን ይገባዋል።

ይህን ለመሥራት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ፍጹም መለየት ነው። ካሜራዎቹ በሙሉ በገመድ ወደ አንድ ስዊች ይመጣሉ፤ ከስዊቹ ወደ መቅጃው፥ ከመቅጃውም ወደ መመልከቻው ይሄዳሉ፤ ከቤቱ ራውተር ጋራ የሚያገናኛቸው ገመድ ከቶ የለም። ይህ የቀድሞውን «ዝግ ዙር» መልሶ ማምጣት ማለት ነው። ዘበኛው በጐጆው ወይም ባለቤቱ በቢሮው ተቀምጦ ያያል፤ ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ግን ሊያይ አይችልም። ለብዙ ቤቶች ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ በአንድ ስዊች ውስጥ ሁለት መረቦችን መለየት ነው። ይህም ቪላን ይባላል፤ አንዱን መሣሪያ በውስጡ ግድግዳ እንደ ተሠራበት ቤት አድርጎ ይከፍለዋል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ራውተር እንደ ጉምሩክ መርማሪ ሆኖ በታወቀ ደንብ ያስተላልፋል። ደንቡም ሦስት ቃል ብቻ ነው። የቤቱ ሰው ወደ መቅጃው ገብቶ ያይ፤ ካሜራዎቹ ወደ ቤቱ ኮምፒዩተሮች አይሂዱ፤ ካሜራዎቹም ሆኑ መቅጃው ወደ ኢንተርኔት አይውጡ። ይህ መንገድ አዋቂ ሰው ይፈልጋል፤ አንዲት ደንብ በስሕተት ከተጻፈች ግድግዳው ቀዳዳ ይሆናልና።

በዚህ ላይ ገዢው መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ካሜራዎቹ በቀጥታ ከጀርባቸው የሚሰኩባቸው መቅጃዎች በገበያ አሉ፤ ሻጩም «ካሜራዎቹ በራሳቸው መረብ ላይ ናቸው» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን መቅጃው ራሱ በሌላ ገመድ ከኢንተርኔት ጋራ ከተቀጠለና ወደ ኩባንያው ማዕከል እንዲደውል ከተተወ፥ ዕቃው በመጋዘን ተቈልፎ ቍልፉ ለመንገደኛ እንደ ተሰጠ ይቈጠራል። ስለዚህ ከሩቅ የማሳያውን አገልግሎትና ራውተሩ ራሱ በር እንዲከፍት የሚያደርገውን ፈቃድ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ገመዱንም በሚመለከት፥ ኤሌክትሪኩንና ሥዕሉን በአንድነት የሚያስተላልፈው የመረብ ገመድ የተሻለ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል። ያለ ገመድ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩት ካሜራዎች ለመትከል ቢቀሉም፥ ሞገዱን የሚያውክ መሣሪያ የያዘ ሌባ ከግንቡ ውጭ ቆሞ ሊያሳውራቸው ይችላል።

ከግንቡ ውጭ ያለው ገመድ ሌላም አደጋ አለበት። አንድ ሰው መሰላል አቁሞ ካሜራውን ቢነቅልና በገመዱ ላይ የራሱን ኮምፒዩተር ቢሰካ፥ መረቡ ካልተለየ ወደ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ሊደርስ ይችላል። መረቡ ከተለየ ግን የሚያገኘው ካሜራዎቹን ብቻ ነው። ስዊቹም ከሚያውቀው ካሜራ በቀር ሌላ ዕቃ እንዳይቀበል ከታዘዘ፥ ይህንንም በቀላሉ አያገኝም።

ጊዜ፥ መዝገብና ኤሌክትሪክ

የተለየ መረብ የራሱ ችግር አለው፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። የመጀመሪያው የሰዓት ነገር ነው። ከኢንተርኔት የተለየ ካሜራ ሰዓቱን የሚያስተካክልለት የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንዱ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቀን ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ሥዕል ለፖሊስም ሆነ ለዳኛ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ መቅጃው ለካሜራዎቹ ሁሉ ሰዓት ሰጪ እንዲሆን ማድረግና በየወሩ ከእጅ ሰዓት ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። በተጨማሪም መሣሪያው የሚጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ኢትዮጵያዊው ዘበኛ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ቢል በመዝገቡ የሚፈለገው 2 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሥዕል ሲገላብጥ ያድራል።

ሁለተኛው የማስታረሚያ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሂክቪዥን በተባለው የቻይና ኩባንያ ብዙ ካሜራዎች ውስጥ ያለ ይለፍ ቃል ሙሉ ሥልጣን የሚሰጥ ጉድለት መገኘቱ ተገለጸ፤ ኩባንያውም ማስታረሚያ አወጣ። የተለየ መረብ እንዲህ ያለው ጉድለት ገና ሳይታወቅ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቤቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ማስታረሚያው ራሱ አይመጣለትም። ባለቤቱ ወይም የቀጠረው ባለሙያ በየሦስት ወሩ ከሠሪው ኩባንያ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ተሸክሞ መጫን አለበት።

ሦስተኛው የመዝገብ ስፋት ነው፤ ይህም በሒሳብ የሚታወቅ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በአንድ ቀን 43.2 ጊጋባይት ይሞላል። ስምንት ካሜራዎች በቀን 345.6 ጊጋባይት፥ በ30 ቀን ደግሞ 10.4 ቴራባይት ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ 4 ቴራባይት ዲስክ የገዛ ሰው የሚያገኘው የ11 ቀን መዝገብ ብቻ ነው። ለአንድ ወር ወደ አገሩ የሄደ ነጋዴ በሄደ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ቢሰረቅ፥ በተመለሰ ጊዜ ያ ሌሊት ከዲስኩ ተፍቆ ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። መድኃኒቱ ዲስኩን ማስፋት፥ ወይም እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማዘዝ ነው።

አራተኛው ኤሌክትሪክና የአገሩ ጠባይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2011 ከጅቡቲ ጋራ ከተገናኘ ወዲህ ከተማይቱ ብዙ ተጠቅማለች፤ ሆኖም መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይቀርምና ካሜራዎቹ የራሳቸው ባትሪ ያስፈልጋቸዋል። ስምንት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 7 ዋት፥ መቅጃው 20 ዋት፥ ስዊቹ 10 ዋት ቢወስዱ ጠቅላላው 86 ዋት ነው፤ ለአራት ሰዓት 344 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪ የሚገዛ ሰው ይህን ቍጥር ይዞ ወደ ገበያ ቢሄድ አይታለልም። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣና ከምሲን የተባለው ነፋስ አቧራ ሲያነሣ፥ በቆርቆሮ ጐጆ የተቀመጠ መቅጃ ብዙ አይቆይም፤ አየር በሚገባበት በተቈለፈ ክፍል ሊቀመጥ ይገባዋል። የባሕሩ ጨው ደግሞ የገመዱን ጫፍ ስለሚበላው መጋጠሚያዎቹ ውሃና አየር በማያስገባ ሣጥን መሸፈን አለባቸው።

ከሩቅ ማየት ለሚፈልግ

የብዙ ነጋድያን ኑሮ በጅቡቲ፥ በድሬዳዋ፥ በአዲስ አበባና በዱባይ መካከል የተከፈለ ስለ ሆነ፥ «ቤቴን ከሩቅ ሆኜ ማየት አለብኝ» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ለዚህም መልሱ ለካሜራው በር መክፈት ሳይሆን ለባለቤቱ የተለየ መንገድ መሥራት ነው። ይህ መንገድ ቪ.ፒ.ኤን. ይባላል፤ ከባለቤቱ ስልክ እስከ ቤቱ ራውተር ድረስ በምሥጢር ጽሕፈት የተሸፈነ መተላለፊያ ነው። ዋየርጋርድ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ለዚህ ያገለግላል። ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ ቍልፍ ይሰጠዋል፤ ስልኩ የጠፋ እንደ ሆነ የዚያ ስልክ ቍልፍ ብቻ ይሰረዛል፥ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል።

ይሁን እንጂ ፍጹም ከተለየው መረብ ጋራ ሲነጻጸር ይህ አንድ በር መጨመሩ አይካድም። ከሩቅ ማየት በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው፥ በሩን ከመክፈት ይልቅ ለታመነ ዘመድ ወይም ለዘበኛው ስልክ መደወል ይበቃው እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የተከለው ሰውና የሚታዩት ሰዎች

ካሜራዎቹን የሚተክለው ባለሙያ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የይለፍ ቃሎቹን ባለቤቱ ራሱ ለውጦ በወረቀት ጽፎ በካዝና ማስቀመጥ አለበት። ባለሙያው ለጥገና በሚመጣበት ጊዜ ጊዜያዊ ቃል ይሰጠዋል፤ ሲሄድ ይሰረዛል። ቍልፍ ሠሪ ለራሱ አንድ ቍልፍ እንዲያስቀር የሚፈቅድ የለም፤ በካሜራም ነገር እንዲሁ ሊሆን ይገባል።

ከርክክቡም በፊት ሥራውን መፈተን ያስፈልጋል። የቤቱ ኢንተርኔት ሲነቀል ካሜራዎቹ መቅዳታቸውን መቀጠል አለባቸው። ከቤቱ ውጭ በሌላ ኢንተርኔት ላይ ያለ ስልክ ያለ ቪ.ፒ.ኤን. ሥዕሉን ማግኘት የለበትም። በአንዱ የውጭ ካሜራ ገመድ ላይ ኮምፒዩተር ሲሰካ የቤቱን ኮምፒዩተሮች ማግኘት የለበትም። መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት። እነዚህን አራት ፈተናዎች ያላለፈ ሥራ ሙሉ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

በመጨረሻም በካሜራው ፊት የሚያልፉት ሰዎች አሉ። በጅቡቲ ቤቶች ውስጥ በምግብ ቤት፥ በልጆች አሳዳጊነትና በጥበቃ ሥራ የሚያገለግሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። እነርሱም ከአገራቸው ርቀው በሰው ቤት የሚኖሩ ስለ ሆኑ፥ ክብራቸውን የሚጠብቅላቸው የአሠሪያቸው ሕሊና ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰው ግላዊ ሕይወት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016ም በኢትዮጵያ ውስጥ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። በሌላ አገር መሬት ላይ ይህ ዐዋጅ ባይሠራም ምክንያቱ አይለወጥም። ሠራተኛ ሲቀጠር ካሜራዎቹ የት እንዳሉ ሊነገረው ይገባል፤ በመኝታ ክፍል፥ በመታጠቢያ ቤትና በሠራተኞች ማደሪያ ካሜራ ሊተከል አይገባም፤ የውጭዎቹም ዐይኖች ከጐረቤት መስኮት ይልቅ ወደ ገዛ በር ይዙሩ። ሥዕሉ ከተሰረቀ የሚዋረዱት ባለቤቱና ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህም ናቸውና።

ካሜራ ዘበኛን አይተካም፤ የዘበኛን ማስታወሻ ይይዛል እንጂ። ሌባ ሲመጣ ጮኾ የሚያባርር፥ የታመመ ሰው ሲወድቅ የሚያነሣ፥ እንግዳን ከዘመድ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ካሜራው የሚጠቅመው የሰውየውን ዐይን ሲያበዛለት ነው፤ ዐይኑም የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ሲቀር። የሀራሙስ ግንቦች የተሠሩት ማን እንደሚገባ ባለቤቱ እንዲወስን ነው። በግንቡ ላይ የሚተከለው ካሜራም በዚሁ ሕግ ቢተዳደር፥ ማለትም ማን እንደሚያይ የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ቢሆን፥ ለጥበቃ የወጣው ገንዘብ በእርግጥ ለጥበቃ ውሏል ለማለት ይቻላል።